«ይሄም ይጠየቃል እንዴ?» የተባለ ጀማሪ ተመልሶ አይጠይቅም

ጥያቄ፦ «ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ከኮሜርስ አብረውኝ ከወጡ ጓደኞቼ ጋር የከፈትነው የቴሌግራም ግሩፕ ዛሬ ከዘጠኝ ሺህ በላይ የሒሳብ ባለሙያዎች አሉበት። ድሮ ጥያቄ ይጎርፍ ነበር፤ አሁን የሚጽፉት እነዚያው ሃያ ሰዎች ናቸው። አዲስ ልጅ ሲጠይቅ ወይ ዝም ይባላል፣ ወይ ‹ይሄም ይጠየቃል እንዴ?› ይባላል፣ ወይ አንዱ የሳቅ ስቲከር ይለጥፍበታል። ጥያቄው ተደጋጋሚ መሆኑ እውነት ነው፤ ነባሮቹም ሰልችቷቸዋል። ከአድሚኖቹ ግማሾቹ ‹ጀማሪዎቹን ለይተን ሌላ ግሩፕ እንክፈትላቸው› ይላሉ። ምን ይመክሩናል?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምርና፣ ሌላ ግሩፕ አይክፈቱላቸው። የባለሙያ ግሩፖችን በማደራጀት ሥራዬ እንዲህ ለሁለት ሲከፈሉ ያየኋቸው አካሄዳቸው ይመሳሰላል። በጀማሪዎቹ ቤት ያልገባው ላልገባው ያስረዳል፤ የሚያርም ስለሌለ ስህተቱ ስክሪንሾት ሆኖ ከግሩፕ ግሩፕ ይዞራል። የነባሮቹ ቤት ደግሞ ብዙ ሳይቆይ የ«እንኳን አደረሳችሁ» እና የክፍት ሥራ ቦታ መለጠፊያ ሆኖ ያርፋል። ባለሙያ ለባለሙያ የሚያነሳው ከባድ ጥያቄ በየቀኑ አይገኝማ። ሰው ግሩፑን በየቀኑ እንዲከፍተው የሚያደርገው ያ የሰለቻችሁ ቀላል ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሦስት ዓይነት ምላሽ ጠቅሰዋል፤ ዝምታ፣ «ይሄም ይጠየቃል እንዴ?» እና የሳቅ ስቲከር። ስቲከሩ የተለጠፈው በአንድ ልጅ ላይ ነው። ያየው ግን በየቢሮው ስልኩን ከፍቶ ድምፁን አጥፍቶ የሚያነብ ብዙ ሺህ ሰው ነው። ሃያዎቹ ብቻ ይጽፋሉ ሲሉኝ ቀሪዎቹ ጠፉ ማለትዎ አይመስለኝም፤ ያነባሉ። ጥያቄ ሲመለስም ሲዋረድም የሚማሩት እነሱ ናቸው። ጥሩ መልስ ሲያዩ የጡረታ መዋጮ አሰላል ይማራሉ፤ ስቲከሩን ሲያዩ እዚህ ቤት አፍ እንደማይከፈት ይማራሉ። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» እየተባልን ብናድግም፣ ሰው ፊት መሳቂያ ከመሆን ደጃዝማችነቱ ቢቀር የሚመርጠው ይበዛል። ዝምታው ደግሞ ከስቲከሩ አይሻልም። የተሰደበ ሰው ቢያንስ መታየቱን ያውቃል። ዝም የተባለው ግን ጥያቄው ሞኝ ስለሆነ ይሁን፣ ሰው ስላላየው ይሁን፣ የሚያውቅ ስለሌለ ይሁን ለይቶ አያውቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርስበት ድምዳሜ የመጀመሪያው ነው።

ነባሮቹን አልወቅስም። «ፔይሮል (የደመወዝ ስሌት) እንዴት ይሠራል?» የሚለውን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመልስ ሰው ደስ ይለዋል፤ በአርባኛው ጊዜ ሰው ሆኖ አለመሰልቸት አይችልም። እሱ አርባ ጊዜ የሰማውን ጠያቂው ግን ዛሬ ገና መጠየቁ ነው። ስለዚህ ነባሩን «ታገሥ፣ ትሑት ሁን» እያሉ መምከር ብቻውን ሲሠራ አላየሁም። የሚሠራው ያው ጥያቄ ለአርባኛ ጊዜ እሱ ዘንድ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ጉዳዩ ከጸባይ ይልቅ የአደረጃጀት ነው፤ ከዚህ በታች የምለውም ሁሉ ከዚህ የሚቀዳ ነው።

ችግሩ የእናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድረ ገጽ ከመስፋፋቱ በፊት ዩዝኔት የሚባል የውይይት መረብ ነበር፤ ተጠቃሚዎቹ በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲና የምርምር ተቋም ሰዎች ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ትምህርት በሚከፈትበት በሴፕቴምበር አዳዲስ ተማሪዎች ይጎርፉና መረቡ ይታወካል፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ልጆቹ ወጉን ሲለምዱ ይረጋጋል። ከእ.ኤ.አ. 1993 ወዲህ ግን ኢንተርኔት ለየቤቱ የሚሸጡ ድርጅቶች በሩን ለደንበኞቻቸው ሲከፍቱ የአዲስ ሰው ጎርፍ ማቆሚያ አጣ። ነባሮቹም ያን ዘመን «የማያልቀው ሴፕቴምበር» አሉት።

የእናንተ ሴፕቴምበር ሐምሌ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ነባሩ የሒሳብ ባለሙያ ዓመቱን ለመዝጋት፣ ቆጠራ ለማስታረቅ፣ ለኦዲተር ሰነድ ለማዘጋጀት ሌሊቱን ቢሮ የሚያነጋው በዚያ ሰሞን ነው። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ግብሩን የሚያሳውቅበት ጊዜም ጥቅምት 30 እስኪያበቃ ፋታ የለውም። ልክ በዚያው ወቅት ዩኒቨርሲቲዎቹ ያስመርቃሉ። የመውጫ ፈተናውን አልፎ፣ ለገሃር ወይ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ቢሮ ሥራ ያገኘው ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የተሠራ ፋይል ይሰጠዋል። አለቃው «እስከ ዓርብ ጨርስ» ብሎት ይሄዳል። ልጁ የሚጠይቀው ሰው የለውም፤ ወደ ግሩፓችሁ ይመጣል። የደከመው ነባርና የተጨነቀው ጀማሪ የሚገናኙት እንግዲህ ሁለቱም ትዕግሥት በሌላቸው ሰዓት ነው። የጥያቄና የስድብ ብዛታችሁን በወር ለይታችሁ ብትመለከቱት ይህን ራሳችሁ ታዩታላችሁ ብዬ እገምታለሁ።

እዚህ ጋ ነባሮች ሁልጊዜ የሚያነሱት መልስ አለ፤ «መጀመሪያ ግሩፑ ላይ ፈልግ፣ ተመልሷል»። ስሰማው ተገቢ ይመስለኛል፤ በእኛ ሁኔታ ግን ብዙ ጊዜ ፍትሐዊ አይደለም። እስቲ ራስዎ ይሞክሩት። የፍለጋ ሳጥኑ ላይ «ሐምሌ» ብለው ይጻፉ፤ ከዚያ «ሀምሌ» ብለው ይጻፉ። ሁለት የተለያየ ውጤት ያገኛሉ። «ሒሳብ» እና «ሂሳብ»፣ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» እንዲሁ። አንዱ «ጡረታ» ብሎ የጻፈውን ሌላው «ፔንሽን» ብሎታል፤ ሦስተኛው አማርኛውን በላቲን ፊደል በመሰለው መንገድ ጽፎታል፤ አራተኛው ጥያቄውን በድምፅ ልኮታል፤ አምስተኛው የወረቀት ፎቶ አንስቶ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብቻ ብሏል። ማኅደራችሁ ሀብታም ነው፤ ቁልፉ ግን በየሰው ኪስ ነው። ግሩፑ የግል ከሆነ ደግሞ፣ የቀድሞ መልእክቶች ለአዲስ አባል እንዳይታዩ የሚያደርግ ምርጫ ቴሌግራም ላይ አለ። ያ ምርጫ በርቶ ከሆነ ልጁን ፈልግ የምትሉት እናንተው የደበቃችሁትን ነው። ዛሬውኑ ያረጋግጡልኝ።

ፈልጎ ቢያገኝስ? በ2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከደመወዝ ግብር ነፃ የሆነው የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ከዚያ በፊት በግሩፓችሁ የተሰጡ የፔይሮል መልሶች ሁሉ ከ600 ብር የሚነሱ ናቸው፤ በሰዓቱ ትክክል ነበሩ። ታዛዡ ጀማሪ እንደተባለው ፈልጎ፣ አሮጌውን ሠንጠረዥ አግኝቶ፣ የመቶ ሰው ደመወዝ በዚያ ቢያሰላ ጥፋቱ የማን ነው? «ተመልሷል» የሚለው ቃል መልሱ ዛሬም እንደሚሠራ ያረጋገጠ ሰው ብቻ ሊናገረው የሚገባ ነው።

ስለዚህ ተደጋጋሚ ጥያቄ ሲመጣ አጻጻፉን ብቻ ትንሽ ለውጡት። «ተጠይቋል» ብሎ ማቆም በር መዝጋት ነው። ቴሌግራም የእያንዳንዱን መልእክት ሊንክ መቅዳት ይፈቅዳል፤ መልሱን በአንድ መስመር ጽፎ ሊንኩን ከሥሩ ማስቀመጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ለምሳሌ፦ «የጡረታ መዋጮ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ ነው፤ አሰላሉ ከነምሳሌው እዚህ አለ»። ልጁ መልሱን አገኘ፣ መፈለጊያ መንገዱንም አየ፣ ማንም አላፈረም። ማኅደሩን በተመለከተ፣ አንድ ሰው ኃላፊነት ወስዶ በጣም የሚደጋገሙትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ፒን አድርጎ (ከግሩፑ አናት ላይ ሰክቶ) ይያዝ፤ በእያንዳንዱ መልስ ሥር የአዋጁ ቁጥርና መልሱ የታየበት ቀን ይጻፍ። ቀን የሌለው መልስ ፒን አይደረግ። ይህን ሥራ ስም ያወጡ ነባሮች አይወዱትም፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጀማሪ የነበረና ነገሩን ያልረሳ ልጅ ግን ከማንም በላይ ይሠራዋል።

ይህ ወደ ዋናው ምክሬ ያመጣኛል። የጀማሪን ጥያቄ ለመመለስ ትክክለኛው ሰው የሃያ ዓመት ልምድ ያለው የተፈቀደለት ኦዲተር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የሚቆጥረውን ሕፃን መሪጌታው ራሱ ቁጭ ብሎ አያስቆጥረውም፤ ከፍ ያለው ተማሪ ያስቆጥረዋል፣ መሪጌታው ከላይ ሆኖ ያዳምጣል፣ ሲሳሳቱ ያርማል። ከፍ ያለው ተማሪም ሲያስተምር የራሱን ያጸናል። ግሩፓችሁ ውስጥ አንድ ሁለት ዓመት የሠሩ በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ይኖራሉ፤ ለምንድን ነው የማይጽፉት? «ትልልቆቹ እያሉ እኔ ማን ነኝ?» ብለው ነው። እነሱን በስም ጠርታችሁ ሥራ ስጧቸው። በሳምንት ሁለት ሁለት ሆነው ይመደቡ፤ በዚያ ሳምንት የጀማሪ ጥያቄ የእነሱ ነው። ቴሌግራም ለአድሚን ከስሙ ጎን አጭር ማዕረግ መጻፍ ስለሚያስችል «የሳምንቱ መላሽ» የሚል ጽፋችሁ ጠያቂው ማንን ተስፋ እንደሚያደርግ ይወቅ። ያቃታቸውን ብቻ ለነባር ያሳልፉ፤ ነባሩ ታግ ካልተደረገ በቀር የመመለስ ግዴታ የለበትም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው። ሃያ ሰው ዘጠኝ ሺህ ሰው አይሸከምም።

ለመላሾቹ የምትሰጡት ግዴታ አንድ ብቻ ይሁን፤ ጥያቄ ያለ ምላሽ አይደር። ምላሽ ማለት መልስ ማለት ላይሆን ይችላል። «ይህን እኔ አላውቀውም፣ ለሚያውቅ አሳልፌዋለሁ» የሚለው በቂ ነው። «ግብር የሚያሳውቁበት ቅርንጫፍ ሄደው በጽሑፍ ይጠይቁ፣ የቃል መልስ ይዘው አይመለሱ» የሚለውም እንዲሁ (እንዲያውም ከብዙ መልስ ይሻላል)።

ቦታውስ? ሌላ ግሩፕ አያስፈልግም ያልኩት ቴሌግራም ከእ.ኤ.አ. 2022 መጨረሻ ጀምሮ አንዱን ግሩፕ በርዕስ መከፋፈል ስለሚያስችል ነው። «ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠየቅ»፣ «ግብር»፣ «አይኤፍአርኤስ» (ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት መስፈርት)፣ «ሥራና ማስታወቂያ» ብላችሁ ክፈሉት። ቤቱ አንድ ነው፤ ክፍሉ ግን ይለያል። የሰለቸው ሰው የጀማሪውን ክፍል ድምፅ ያጠፋል፣ ማንንም ሳያባርር ያርፋል። ኃይል ሲያገኝ ደግሞ ጎራ ብሎ ያርማል። ስሙን «የጀማሪዎች» አትበሉት፤ ሃያ ዓመት የሠራም ሰው አዲሱን የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ በተመለከተ ጀማሪ ነው፣ እዚያ ገብቶ ለመጠየቅ ማፈር የለበትም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጋጋታውን ለመቀነስ ብላችሁ ስሎው ሞድን (አባል በሁለት መልእክቶቹ መካከል የሚጠብቅበትን ጊዜ) አታርዝሙት። በሰዓት አንድ መልእክት ብቻ የተፈቀደለት ልጅ «ምን ገጥሞህ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ለመመለስ አንድ ሰዓት ይጠብቃል፤ እስከዚያ መላሹ ሄዷል።

«ምን ገጥሞህ ነው?» ያልኩትን ትንሽ ላስፋው። ቀላል የሚመስል ጥያቄ ብዙ ጊዜ የከባድ ጥያቄ መግቢያ ነው። አንዲት ልጅ «የጡረታ መዋጮ ስንት ፐርሰንት ነው?» ብላ ጠየቀች እንበል። አንዱ ተነሥቶ «ይሄማ ኮሌጅ የሚማሩት ነው» ይላል። ልጅቷ ግን 7 እና 11 መሆኑን አታውቅም ማለት አይደለም። አሠሪዋ 18ቱንም ከሠራተኛው ደመወዝ ቁረጪ ብሏት ይሆናል። ሕግ መሆን አለመሆኑን በሰው ፊት በቀጥታ ለመጠየቅ ፈርታ፣ የአለቃዋ ወዳጅ ግሩፑ ውስጥ ይኖር ይሆናል ብላ፣ ውኃውን በእግሯ እየነካች ነው። መላሹ «7 እና 11 ነው፤ የተለየ ነገር አጋጠመሽ?» ቢላት እውነተኛው ጥያቄ ይወጣል፤ ያኔ ነባሩም የሚመጥነው ሥራ ያገኛል። በስላቅ ከተመለሰች ግን 18ቱን ትቆርጣለች። እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገም ግሩፑ የሚያጣው አባል ብቻ አይደለም፣ ሙያውም ይጎዳል።

ጠያቂንም ማስተማር ይገባል፤ በር ላይ በሚሰቀል የአሥራ አምስት አንቀጽ ደንብ ግን አይሆንም። ረጅሙን የእንኳን ደህና መጡ መልእክት ማንም አያነበውም፤ አንብቦ የጨረሰውም ከመጠየቅ ይልቅ መውጣት ይቀለዋል። ሦስት ነገር ብቻ ንገሩት፦ ምን ልትሠራ ፈልገህ ነው፣ ምን ሞክረህ ምን ሆነ፣ የደንበኛህን ስምና የቲን ቁጥር ሸፍን። የመጨረሻውን ሳስበው ያስፈራኛል። ጀማሪዎች የድርጅት ደረሰኝና የግብር ማሳወቂያ ፎቶ ከነሙሉ መረጃው ዘጠኝ ሺህ ሰው ፊት ይለጥፋሉ። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ይሰረዝ፤ ቀጥሎ ለልጁ በግል «ፎቶውን ያነሣነው የደንበኛህ መረጃ ስለታየ ነው፣ ሸፍነህ መልሰህ ላከው፣ እንመልስልሃለን» ይባል። አደባባይ ላይ «ይሄ ሥነ ምግባር የሌለው ሥራ ነው» ብሎ ማስጨነቅ ሥነ ምግባር አያስተምርም፤ የሚያስተምረው መደበቅን ነው።

አሁን በጥያቄዎ ያላነሡት፣ ግን በየግሩፑ የማገኘው ነገር አለ፤ «ኢንቦክስ አድርጊልኝ»። በሦስት ምክንያት እንድትከለክሉት እመክራለሁ። በግል የተሰጠ መልስ ማንም አያርመውም፤ ስህተት ቢሆን ጠያቂው ብቻውን ይዞት ይቀራል። ማኅደሩም ባዶ ይሆንና ነገ ሌላ ልጅ ያንኑ ይጠይቃል፤ ስለ ተደጋጋሚ ጥያቄ የሚያማርረው ሰው ራሱ ኢንቦክስ የሚጠራ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሦስተኛው ከባዱ ነው። ሴት ስም ያለው አካውንት አደባባይ ላይ አንድ ጥያቄ ሲጽፍ በደቂቃዎች ውስጥ ስለ ሒሳብ የማያወሩ የግል መልእክቶች ይደርሱታል። ብዙ ሴት ባለሙያዎች የወንድ ስም አውጥተው ወይም የአበባ ፎቶ አድርገው የሚጠይቁት፣ አለዚያም ጭራሽ የማይጠይቁት ለዚህ ነው። «ጥያቄ አደባባይ ላይ ይጠየቃል፣ አደባባይ ላይ ይመለሳል፤ ሳይጠየቅ በግል የጻፈ ይወጣል» የሚል ደንብ ጻፉ፤ ቅሬታ የሚቀበል አንድ ሴት አድሚን ይኑራችሁ፤ የአባላት ዝርዝሩንም ቴሌግራም ላይ መደበቅ ስለሚቻል ደብቁት። የግሩፑ ሴቶች ቁጥር በሙያው ካሉት ሴቶች ብዛት ጋር የማይመጣጠን ከሆነ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ለነባሮቹም ልሟገትላቸው። እንግዳን በክብር መቀበል ማለት በነፃ ማማከር አይደለም። የሦስት ሱቅ ሒሳብ በክፍያ የያዘ ልጅ የኦዲት ግኝት ደብዳቤ ለጥፎ «መልስ ጻፉልኝ» ሲል፣ ያ መማር አይደለም፤ የሌላውን እንጀራ መጠየቅ ነው። ነባሩ ቢቆጣ አይፈረድበትም። መስመሩን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ አሠራሩን ማስረዳት የግሩፑ ነው፣ የአንድን ደንበኛ ጉዳይ መሥራት ግን የተፈቀደለት ባለሙያ የሚያስከፍልበት ሥራ ነው። መላሹም «ይህ የሚከፈልበት ነው» ብሎ ያለ ቁጣ መናገር ይችላል። መስመሩ ግልጽ ሲሆን ነባሩ በእውነተኛው ጥያቄ ላይ የማይበሳጭ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የሚሳለቅ ይኖራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው፣ መልሳቸው የማይሳሳት ሰው ናቸው። አድሚኖች እሳቸውን ለመንካት ይፈራሉ፤ «ቢሄዱብንስ?» ይላሉ። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት መሥራች ሊነስ ቶርቫልድስ በጻፋቸው ስድቦች ለብዙ ዓመት የታወቀ ሰው ነበር፤ ችሎታው ስላለው ይታለፋል ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ሴፕቴምበር ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራው ዞር አለ፤ ፕሮጀክቱም የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ። ሊኑክስ አልፈረሰም፤ እሱም ተመልሶ እየሠራ ነው። በዚያው ዓመት የፕሮግራመሮቹ ታዋቂ የጥያቄና መልስ ቦታ ስታክ ኦቨርፍሎው፣ ብዙ ሰው በተለይም አዲስ የመጣው ጥሩ አቀባበል እንደማያገኝበት በይፋ አምኗል፤ በተከፈተ በአሥረኛው ዓመቱ ማለት ነው። ስለዚህ ጋሼን አትፍሯቸው። በጽሑፍ ግን አትውቀሷቸው፤ ጽሑፍ ያከርራል። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቡና ጋብዟቸውና በአካል አውሩ። «መልስዎ ያስፈልገናል፤ የጀማሪውን ክፍል ግን ለልጆቹ ይተዉላቸው፣ ሲሳሳቱ ብቻ ያርሙልን» በሏቸው። አብዛኞቹ ሸክሙ በመቅለሉ ደስ ይላቸዋል። ተነግሯቸው ደግመው ከተሳለቁ፣ ቴሌግራም ለአንድ ቀን ከመጻፍ ማገድ ይችላል፤ ለጀማሪ የሚሠራው ደንብ ለጋሼም ይሥራ። ያን ቀን ሌሎቹ ሁሉ ስለ ግሩፑ ከደንብ ሰሌዳው የበለጠ ይረዳሉ።

ለአድሚኖቻችሁ የምትነግሩት ቁጥርም ያስፈልጋችኋል፤ የአባላት ብዛት ግን ምንም አይነግራችሁም። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ንቁ አዘጋጆች ቁጥር ከእ.ኤ.አ. 2007 በኋላ መቀነስ ሲጀምር ተመራማሪዎች ምክንያቱን ፈልገው ነበር፤ በቅን ልብ የጻፉ ጀማሪዎች ሥራ እየተሻረባቸው ተስፋ መቁረጣቸው አንዱ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊኪፒዲያ ለአዲሶች «ሻይ ቤት» የሚል መጠየቂያ ከፈተ፤ አስተናጋጆች አሉት፣ ጥያቄ እዚያ አይናቅም። ዋናው ቁም ነገር ሰው መግባቱ ላይ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሙከራው በኋላ መመለሱ ላይ ነው። እናንተም በየወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቁትን ሰዎች ዝርዝር ያዙ፤ ከእነሱ ስንቱ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ጻፈ? ጥያቄም ይሁን መልስ፣ ጻፈ ወይስ አልጻፈም? አንድ ሰው በኤክሴል በግማሽ ሰዓት ይሠራዋል፤ የሒሳብ ሰዎች ናችሁና ይህን እኔ አላስተምራችሁም።

አጀማመሩን በተመለከተ፣ ሐምሌ እስኪደርስ አትጠብቁ። በግንቦት የሳምንት መላሾቹን መርጣችሁ በአካል ሰብስቧቸው። ተያይተው የሚያውቁ ሰዎች በጽሑፍ ሲነጋገሩ ይለሰልሳሉና ስብሰባው ሥራ ነው። ፒን የሚደረጉት መልሶች ሰኔ ሳይጋመስ በአዲሱ ሕግ ይታዩ፤ ርዕሶቹ ይከፈቱ፤ የኢንቦክስ ደንቡ ይጻፍ። «ግሩፑ ይከፈል» ለሚሉት አድሚኖች ደግሞ እንዳልተሸነፉ ይታወቅላቸው፤ ይህ ሁሉ እስከ ጥቅምት 30 ይሞከር፣ ከዚያ የሐምሌ ጠያቂዎቹ ዝርዝር ይወጣ፣ ስንቱ እንደተመለሰ ይቆጠር። ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ የመክፈሉን ሐሳብ እንደገና አብረን እናየዋለን፤ ዝርዝሩን ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል።